ሣር ለቃሚው እንግዳዬ

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ሣር ሊለቅም ነው የመጣው አሉኝ። የሰማሁትን አላመንኩምና እንደገና ጠየቅሁ። ሣር ነው። ከቡልጋሪያ በአውሮፕላን ተነስቶ፣ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር ጭቃውን ሁሉ ችሎ፣ እዚህ ቆላ ድረስ ሣር ሊለቅም! አገሩ ሣር አይበቅልም እንዴ?

የእርሻ ጣቢያው ኃላፊ ጓድ መኮንን ጠዋት ማዕድ ቤት ድረስ መጥቶ አስጠነቀቀኝ። «ብርቄ፣ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ሳይንቲስት ነው። እንዳታሳፍሪን። ደግሞ የሚጠይቅሽንና የሚያየውን ማታ ማታ ትነግሪኛለሽ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከፈልበታል?

የእንግዳ ማረፊያው ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። አብሳዩም፣ አጣቢውም፣ አልጋ አንጣፊውም እኔው ነኝ። ዛሬ የጎደለው፦ አጎበሩ ተቀዷል (ሰፋሁት)። ላምባ የለም። ትራስ አንድ ነው (የራሴን ሰጠሁ)። ስኳር ነገ ይመጣል ተብሏል፤ ይሄ ነገ የሚሉት ካለፈው ወር ጀምሮ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ዶክተር ኢቫን ይባላል። ረጅም፣ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የተኛ፣ የሱሪው ጉልበት ላይ ቆዳ የተሰፋበት ሽማግሌ ነው። ከመኪና እንደወረደ ሰላም እንኳ ሳይለኝ በሩ ላይ ተንበረከከ። መሬቱን ሊስም ነው ብዬ ደነገጥኩ። የአጥሩን ሥር ሣር ነቅሎ በመነፅር ያየው ጀመር። አስተርጓሚው ጌታሁን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፤ «አይዞሽ እትዬ፣ መንገዱን ሙሉ እንዲህ ነው ያስለቀሰኝ» አለኝ።

ዶሮ አርጄ ነበር። ዶክተሩ ሥጋ አይበላም! የሁለቱንም ድርሻ ጌታሁን ጨረሰው። ለሰውየው ሃላኮ፣ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ቅጠል፣ በድንች ቀቅዬ ሰጠሁት፣ ጎመን መሰለውና ሳህኑን ጠርጎ በላ። ሣር ለቃሚው ራሱ ቅጠል በል ሆነና አረፈው። ሳቄን ይዤ ማዕድ ቤት ገባሁ።

እሁድ፣ መስከረም 11

ከዚህ ሁሉ ሜዳ መርጦ የቦዩን ዳር ወደደው። እዚያ ያለውን ሣር ሌላ ቦታ አላየሁትም አለ አሉ።

የቦዩ ዳር ማለት የወንድሞቼ ማሳ ነው። ከላይ የታናሼ የደምሴ፣ ከታች የታላቄ የጋሼ አንጁሎ። ውኃው አንድ፣ ቦዩ አንድ፣ የወጡበት ማኅፀን አንድ። አምና በቆሎው ሊያፈራ ሲል ደምሴ በተራው ያልሆነ ቀን ውኃውን ወደ ራሱ ዘጋው። ሙዜ ሊደርቅብኝ ነበር ይላል። የጋሼ በቆሎ ደረቀ። ጋሼ በዶማ እጀታ ትከሻውን መታው። ደምሴም በሰው ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አንዱ ባለበት ሌላው አይቆምም።

መስቀል ደግሞ ደረሰ። እኛ ጋሞዎች ዓመቱን ሙሉ የምንኖረው ለመስቀል ነው። ቂም ይዞ ከአንድ ድስት መብላት ጎሜ ነው፤ ይሄ እርግማን ደግሞ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ልጅ ላይ ይመጣል፣ ከብት ላይ ይመጣል፣ ዝናብ ያስቀራል። አምና እናቴ ደጋው ላይ ኦቾሎ ባለው ቤቷ ውስጥ ሁለት ድስት ጣደች። አንዱን ልጅ በጠዋት አንዱን በማታ አበላች። እሷ ግን አልቀመሰችም። ዘንድሮ «ሁለት ድስት የምጥድ ከሆነ ቀድማችሁ ቅበሩኝ» ብላ ልካብኛለች። ሰውነቷ አልቋል። ለሚቀጥለው መስቀል መድረሷን እንጃ።

ጋሼ ደግሞ መሬቱን ለገበሬ ማኅበሩ መልሶ፣ በመስቀል ማግሥት አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ገብቶ ከአጎታችን ልጅ ጋር ሸማ ሊሠራ ነው። የሸማ ዕቃውን አስሯል። ከሄደ አይመለስም፣ አውቀዋለሁ። እንደ ግንድ ነው፣ ከወደቀ ወደቀ።

ጓድ መኮንን ማታ መጣ። «ምን ጠየቀ?» «ሣር።» «ምን አየ?» «ሣር።» ተናዶ ሄደ።

ሰኞ፣ መስከረም 12

ጠዋት ሻይ በፔርሙስ ይዤ ቦዩ ዳር ሄድኩ። ዶክተሩ ሣሩ ውስጥ ተንበርክኳል፣ ከጀርባው ኮቱ ብቻ ይታያል። የነቀለውን በጋዜጣ መሐል አስተኝቶ በሁለት ሳንቃ ይጠፍረዋል። እንደ ሕፃን ነው የሚያስተኛው።

በጌታሁን በኩል ልጠይቀው የምፈልገው ብዙ ነው። ሚስት አለው? ይሄን ሁሉ ሣር አገሩ ወስዶ ማን ሊያየው ነው? ለምንድን ነው ሥጋ የማይበላው? የመጨረሻውን ጠየቅሁ። ጌታሁን ሲተረጉምለት ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ልጅ ሆኖ ጦርነት ነበር። ያኔ አንድ ነገር አየ፣ ከዚያ ወዲህ አልበላም ነው የሚለው» አለኝ። ምን እንዳየ አልጠየቅሁም። አፌን ምን አነቃነቀው!

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሐሳብ መጥቶ አልለቅ አለኝ። እዚህ ልጽፈው።

በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ፣ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሐላቸው ከተንበረከከ አበቃ። ጦር የመዘዘም ቢሆን ይጥላል። ሣር የያዘን ሽማግሌ አልፎ የሄደ የለም። ጋሼ ይሄን ስለሚያውቅ ሽማግሌዎቹን ይሸሻል። ዓመቱን ሙሉ ሦስት ሆነው በመጡ ቁጥር እሱ በጓሮ ወጥቶ ይሄዳል። ሣሩን ካየ እንደሚረታ ያውቃላ!

ከፈረንጅ ግን አይሸሽም። ጢሙ ነጭ ነው፣ ዕድሜው ሽማግሌ ነው፣ እጁ ሁልጊዜ ሣር አለበት፣ ጉልበቱ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው። «ዶክተር፣ ነገ በዚህ ሰዓት እዚህ ጋ ተንበርከክልኝ» ማለት ብቻ ነው።

አይ፣ አይሆንም። ሣር ማታለያ አይደለም። እሱም ራሱ ጎሜ ነው። ሐሳቡን ከነሻዩ አተላ ደፋሁት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

የምሳውን ዕቃ ሳላጥብ ነው ይሄን የምጽፈው።

ምሳ ይዤ ስሄድ ጌታሁን መኪናው ውስጥ ተኝቷል። ዶክተሩን ፈለግሁት፣ የለም። ሣሩ ወገብ ድረስ ነውና ውጦታል። ደምሴ ከላይ የውኃውን በር ይጠግናል። በዚህ መሐል ጋሼ አንጁሎ ከታች ዶማውን ይዞ መጣ። ውኃው ደፍርሶ ወርዶበት ነው። «ዛሬም ጀመርክ?» አለ። ደምሴ «እየጠገንኩ ነው፣ ዓይን የለህም?» አለ። እንዲህ ነው የሚነጋገሩት። ዓመት ሙሉ ዝም ተባብለው ያወጡት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው!

አንዱ ሲሰድብ ሌላው ሲመልስ ተቀራረቡ። እኔ «ኧረ በእናታችሁ!» እያልኩ እሮጣለሁ፣ ድስቱ እጄ ላይ ነው። ጋሼ ዶማውን አነሳው። በእጀታው አይደለም ዛሬ። በብረቱ ነው።

ያኔ ከመሐላቸው ሣሩ ተከፈለና ዶክተሩ ብድግ አለ። በአንድ ጉልበቱ እንደተንበረከከ ነው። ባርኔጣ የለውም፣ ነጭ ጸጉሩ ተበትኗል፣ በሁለት እጁ እርጥብ ሣር ከፍ አድርጎ ይዟል። እጁን አላወረደም።

ዶማው አየር ላይ ቀረ። ጋሼ አየው፣ ሣሩን አየ። ከዚያ ዶማውን ከኋላው ጥሎ ተንበረከከ። ደምሴም እጁን ከነጭቃው አጣምሮ ተንበረከከ። ሦስቱ ተንበርክከው፣ እኔ ድስት ይዤ ቆሜ፣ ቦዩ ብቻ ይንሿሿል። አልቅሼ ነበር፣ እንባዬ ምሳው ውስጥ ገብቶ ይሆናል።

ጋሼ «እሺ። ሽማግሌ ለምኖኛል» አለ። ለደምሴ አይደለም፣ ለመሬቱ ነው የተናገረው። «በመስቀል እናቴ ቤት እገኛለሁ» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ደምሴ ለብዙ ጊዜ እዚያው ቀረ። ዶክተሩ ቀስ ብሎ እጁን አወረደ፣ ሣሩን ጋዜጣ መሐል አስተኛ፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ምሳውን ተቀበለኝ። ከአማርኛ የሚያውቀው ይሄንና «እሺ»ን ነው።

አውቆ ነው ሳያውቅ? ማን ነገረው? ጌታሁንን ቀስቅሼ ላስጠይቅ አልኩና ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ጋሼ በሰው እጅ ፓፓያ ላከ። «ለሽማግሌው» ብሎ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዶክተሩ ፓፓያውን ከነፍሬው በላው።

ለእናቴ መልእክት ሰደድኩ፦ አንድ ድስት ጣጂ።

ጓድ መኮንን ማታ መጥቶ «ቦዩ ዳር ሰው ተንበረከከ የሚባለው ምንድን ነው? ጸሎት ነው? ስብሰባ ነው?» አለኝ። «ሣር ሲለቅሙ ነው» አልኩት። ውሸትም አይደል።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ጌታሁን አፉ አያርፍ። ገበያ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሰው «ፈረንጁ ሽማግሌ ወንድማማቾችን አስታረቀ» ሲል ሰማ። በሳቅ ፈረሰ አሉ። «ዶክተሩ? እሱ እኮ ናሙና ነው የሚሰበስበው! የእናንተን ሣር ከምን ያውቀዋል? ለሙዚየም ነው!» አለ። ሻይ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ጋሼ አንጁሎም እዚያው ነበር።

ማዕድ ቤቴ በር ላይ ሲቆም ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽው?»

«ጋሼ ሙት፣ አላስተማርኩም! በምን ቋንቋ?»

«ለማያውቅ ሰው ነው የተንበረከክሁት። ሣር ለሚያጭድ ሰው! አገር ሳቀብኝ።»

«አስቤው ነበር» አልኩት። ውሸት አልቻልኩም። «ሰኞ ዕለት አስቤው ነበር። ግን ተውኩት። በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ተውኩት።»

አየኝ። ያመነኝ አልመሰለኝም። «ቅዳሜ ኦቾሎ አልመጣም። እሁድ መኪና አለ» ብሎ ሄደ።

ሽንኩርቱን ስከትፍ የማለቅሰው በሽንኩርቱ ነው ብዬ ለጌታሁን ነገርኩት። ልጁም አለቀሰ፣ እሱ ግን በእውነት በሽንኩርቱ ነው። ከዚያ ጥፋቱን ሲሰማ ግን ከንፈሩ ደረቀ። «እትዬ፣ በእግዜር፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው» አለ። ምን ልበለው? ልጅ ነው። ለእናቴ ሌላ መልእክት መስደድ ነበረብኝ፣ እግሬ አልሄድልሽ አለኝ።

ዓርብ፣ መስከረም 16

የደመራ ዕለት። ጠዋት በረንዳውን ስጠርግ ጋሼ አንጁሎ መጣ። ንጹሕ ጋቢ ለብሷል። እኔን አላየኝም። ቀጥ ብሎ ዶክተሩ ፊት ቆመ። ጌታሁን ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠው፣ አልተቀመጠም።

«አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አለ ጌታሁንን። «እንደ ትናንቱ እንዳትስቅ። የሚለውን ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን ከሣሩ ውስጥ ለምን ተነሳ?»

ጌታሁን ጠየቀ። ዶክተሩ ወሬው ደርሶት ይሁን አይሁን አላውቅም። መነፅሩን አወለቀ። በዝግታ ተናገረ። ጌታሁን እያንዳንዱን ቃል እየጠበቀ አስረዳ።

«ስለ ሣሩ አላውቅም ነበር ነው የሚለው። ሣሩ በእጄ የነበረው ሥራዬ ስለሆነ ነው ነው የሚለው።»

ጋሼ አንገቱን ነቀነቀ። ለመሄድ ዞረ። በመጥረጊያው ተደገፍኩ።

«ቆይ፣ አልጨረሰም» አለ ጌታሁን። «ዶማውን ግን አየሁ ይላል። ተኝቼ ብቀር ማንም አያየኝም ነበር፣ ፈራሁም ይላል። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሣር ውስጥ ተደብቄ ቀርቻለሁ ይላል። ሁለተኛ አልደበቅም ብዬ ነው የተነሳሁት ይላል።»

ጋሼ በረንዳው ላይ ቆሞ ቀረ። ዶክተሩም ቆሟል። እኩል ናቸው በቁመት፣ እስከዛሬ አላስተዋልኩትም።

ጋሼ እጁን ዘረጋ። ዶክተሩ ጨበጠው። ከዚያ ጋሼ ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ወዴት እንደሚሄድ አልተናገረም። ኦቾሎ ይምጣ፣ ሽሮ ሜዳ ይሂድ፣ ማን ያውቃል? ከኋላው «ጋሼ!» ብዬ ተጣራሁ፣ አልዞረም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17፣ መስቀል

በጎህ ተነስቼ ዳገቱን ወጣሁ። ደምሴ ከፊቴ ነው፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። አባያ ሐይቅ ከበታችን ቀልቶ ተኝቷል። የመስቀል አበባው መንገዱን ዘግቶታል።

እናቴ ደጃፍ ስንደርስ ከእንሰቱ ሥር አንድ የታሰረ ዕቃ አየሁ። የጋሼ የሸማ ዕቃ! የነገውን መኪና ቆላ ሆኖ አልጠበቀም። ይዞት እዚህ ወጥቷል።

ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ምድጃው አጠገብ። በምድጃው ላይ አንድ ድስት ብቻ ነው። እናቴ መልእክቴን ተቀብላ ሌላ አልጣደችም። ደምሴ በሩ ላይ ቆመ። ጋሼ ፈቀቅ አለለት። ይሄው ነው። ፈቀቅ አለለት፣ ደምሴም ገብቶ ተቀመጠ።

ሥጋው ሲቆረስ እናቴ ጠየቀች። «የትኛው ሽማግሌ ነው ሣር የያዘላችሁ? ዓመቱን ሙሉ የሸሸኸው ነው፣ አንጁሎ?»

ደምሴ እኔን አየኝ፣ እኔ ድስቱን አየሁ።

«የማታውቂው ሽማግሌ ነው» አለ ጋሼ። «አገሩ ሩቅ ነው። ሣር የያዘ ሰው ነው።»

እናቴ ለረጅም ጊዜ መረቀችው። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሁለቱ አካፍላ ሰጠቻቸው። ራሷም ዘንድሮ ቀመሰች። ሁለት ጊዜ ጎረሰች፣ በዓይኔ አየሁ። ወንድሞቼ ብዙ አልተነጋገሩም። ሲመሽ ግን ጋሼ «የውኃውን በር እንጨት ቀይረው፣ በስብሷል» አለ። ደምሴ «አብረን እንቀይረዋለን» አለ። የታሰረውን ዕቃ ማንም አላነሳውም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ እናቴ ጉድ አመጣች። የሽማግሌውን ድርሻ ለብቻው ቆርጣ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ለሽማግሌው ውሰጂለት። ሣር የያዘ ካልቀመሰ እርቁ አይጸናም» አለች። እኔ ደነዘዝኩ። ጋሼም አየኝ። ዶክተሩ ሥጋ እንደማይበላ ለእናቴ ማን ይንገራት?

እሁድ፣ መስከረም 18

ቆላ ስደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሥጋው እንዳይበላሽ እሮጥ ነበር። ወንድሞቼም ከኋላዬ ወረዱ፣ ሁለቱም። ቦዩ ዳር እንጨቱን ሊቀይሩ ነው አሉ እንጂ፣ ዓይናቸው በረንዳው ላይ ነበር።

ሥጋውን በቅቤ ለብ አድርጌ፣ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ከጎኑ አድርጌ አቀረብኩ። ጌታሁንን «እንዳለ ንገረው፣ አትቀንስ አትጨምር» አልኩት። ነገረው። እናቴን፣ ድስቱን፣ እርቁን። አልበላም ካለ እኔ አልቀየመውም ብዬ ወስኛለሁ። ሰው ያየውን ያውቃል።

ዶክተሩ ሳህኑን አየው። ጢሙን ደባበሰ። ቦዩ ዳር ያሉትን ሁለቱን አየ፤ እንጨቱን በሁለት ጫፍ ይዘው ቆመዋል፣ አይንቀሳቀሱም። «እሺ» አለ በአማርኛ። ትንሿን ቁራሽ አነሳ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጎረሰ። ሲያኝክ ለመዋጥ ተቸገረ። እንባው ወረደ፣ በዳጣው ይሁን በሌላ አላውቅም። ከዚያ ዋጠ።

ቦዩ ዳር ጋሼና ደምሴ እንጨቱን አነሱት። የቀረውን ሥጋ ለጌታሁን ሰጠሁት፣ ለሰውየው ሃላኮ ጣድኩለት።